ያ ሩጫ ዲስክ ላይ የሰፈረበት ታሪክ

ስሙኝማ። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴና ኦሊምፒክ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ተረከዙን እያመመው ነው የገባው። የቡድን አጋሮቹ ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ይመራሉ፣ ዞር ብለው ያዩታል፣ እንዲደርስባቸው ብለው ሩጫውን ቀዝቀዝ ያደርጉታል። አልደረሰም። ተስፋ ሲቆርጡ ቀነኒሳ የመጨረሻውን ዙር በ53 ሰከንድ ገደማ ተፈተለከና በ27 ደቂቃ ከ05.10 ሰከንድ ገባ። ስለሺ ስህን ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ። ለወርቅ እየሮጡ ወንድምን ዞር ብሎ መጠበቅ! እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሩጫ አላየሁም።

አክስቴ ግን ይህን አላዩም። ሩጫው ገና ሳይጋመስ በሰፈራቸው መብራት ድርግም አለ። በማግስቱ ፍራንክፈርት የሚኖረው ልጃቸው ሲደውል ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ኃይሌን ቆመው ጠበቁት አሉኮ! እኔ ሳላየው ቀረሁ» አሉት።

«እማዬ፣ አታስቢ። ቀድቼዋለሁ፤ በዲስክ እልክልሻለሁ» አላቸው።

ቃሉ ከአፉ እስኪወጣ ቀላል ነበር።

የጀርመን የሕዝብ ጣቢያዎች አስትራ በሚባለው፣ በ19.2 ዲግሪ ምሥራቅ በቆመው ሳተላይት ላይ ያለ ቁልፍ በነጻ ይታያሉ። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሳተላይት ካርድ ሰክቶ የዲሹን ገመድ በቀጥታ እዚያ አስገብቶ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ከቴሌቪዥን የሚቀዳው በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ ከካሴት በተቀዳ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል። የእሱ ግን ሌላ ነው። ከሰማይ የወረደው ቁጥር ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀመጠ። ጣቢያው የላከው ምስልና እሱ ያስቀመጠው ምስል አንድ ናቸው።

ታዲያ ይህን ፋይል እንዳለ ዲቪዲ ላይ ጭነህ አክስቴ ቤት ላለው ማጫወቻ ብትሰጠው አያነበውም። ለምን?

የድሮውን የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት አስቡ። የብዙ ነጋዴ ጭነት በአንድ መንገድ አብሮ ይጓዛል፤ የማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው ጭነቱ ላይ ባለው ምልክት ነው። የሳተላይት ስርጭትም እንደዚያው ነው። በአንድ ሞገድ ላይ በሰከንድ 38 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይወርዳል፤ እዚያ ውስጥ የበርካታ ጣቢያዎች ምስልና ድምፅ ተቀላቅሎ አለ። ሁሉም በ188 ባይት ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሏል፣ በእያንዳንዱ እሽግ ራስ ላይም የባለቤቱ ቁጥር አለ። እሽጉ ያነሰው መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጥቂት እሽግ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። የዲቪዲ መንገድ ግን የተደላደለ ነው፤ እዚያ እሽጉ 2,048 ባይት ነው፣ የአንድ ባለቤት ብቻ ነው፣ ሥርዓቱም ሌላ ነው። ዕቃው አንድ ሆኖ እሽጉ ስለተለየ ብቻ ማጫወቻው አላውቅህም ይለዋል።

አንድ ወዳጁ፣ «ምን አደከመህ፣ ቪሲዲ አድርገህ ላክላቸው። አዲስ አበባ ቪሲዲ የማያጫውት ቤት የለም» አለው። ሰማው። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ አደረ። ጠዋት ሲከፍተው ሩጫው አለ፣ ሯጮቹ ግን የሉም ማለት ይቻላል። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሥርዓት ነው፤ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፣ ይኸውም ከዋናው ሩብ እንኳ አይሞላም። ለምስል የሚፈቅደውም በሰከንድ 1,150 ኪሎ ቢት ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ሰው ይበቃ ይሆናል። ሃያ ምናምን ሯጭ በአንድ ላይ እግሩን ሲያነሣ ግን ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ቀነኒሳ ዞር ሲል ፊቱ አይለይም። አክስቴ ማየት የፈለጉት ደግሞ ያንን ነው።

ጣለው። ደግ አደረገ እላለሁ። አንድ ጊዜ ተጨምቆ የጠፋ ዝርዝር በምንም ፕሮግራም አይመለስምና።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያስተዋለው። ከሳተላይት የወረደው ምስልና ዲቪዲ የሚቀበለው ምስል ሁለቱም ኤምፔግ 2 በሚባል አጨማመቅ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል። ድምፁም በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና፣ በሁለቱም በኩል ያው። ስለዚህ ዕቃውን መንካት አያስፈልግም፤ እሽጉን ፈትቶ እንደገና ማሰር ብቻ ነው። ጣቢያው በ544 ስፋት የሚያሰራጭ ቢሆን ኖሮ ዲቪዲ ያንን ስፋት ስለማያውቀው ሌላ ጣጣ ነበር፤ የእሱ ግን ሙሉ ነው።

ፕሮጀክት ኤክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አወረደ። ፕሮግራሙ እሽጎቹን ፈትቶ ምስሉን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ ያወጣል። የመጀመሪያ ሙከራው ላይ ግን ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ቀነኒሳ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ይጮኻል።

ያን ምሽት ፍራንክፈርት ዘንቦ ነበር። መሐል ላይ ጥቂት እሽጎች ጠፍተዋል፣ ከምስሉ ይልቅ የድምፁ በዝቶ። አንድ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፣ አንድ የድምፅ ቁራጭ ደግሞ 24 ሚሊ ሰከንድ። የጎደለውን ትቶ የተረፈውን ዝም ብሎ ለሚቀጥል ሰው፣ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ድምፅና ምስል ተለያይተው ይቀራሉ። ግማሽ ሰከንድ ምን ታደርጋለች አትበሉ፤ በሩጫ ሦስትና አራት ሜትር ናት።

መድኃኒቱ እዚያው ስርጭቱ ውስጥ ነበር። ምስሉም ድምፁም «በዚህ ሰዓት አሳዩኝ፣ በዚህ ሰዓት አሰሙኝ» የሚል ማኅተም ይዘው ነው የሚወርዱት፤ የማኅተሙ ሰዓት አንዷን ሰከንድ 90 ሺህ ቦታ ይከፍላታል። አንድ ምስል 3,600 ይቆጥራል፣ አንድ የድምፅ ቁራጭ 2,160። የአክስቴ ልጅ ምስሉን መሠረት አድርጎ ድምፁ በማኅተሙ እንዲታረም ፕሮግራሙን አዘዘው። ፕሮግራሙ ድምፅ የጎደለበትን ቦታ እየፈለገ ባዶ የዝምታ ቁራጭ አስገባ፤ ለግማሽ ሰከንድ 21 ያህል ቁራጭ ይበቃል። አሁን ደወሉ በቦታው ጮኸ። ይህን ሲነግረኝ በድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ እስካሁን ይሰማኛል።

የቀረው ቀላል ነው። የስቱዲዮውን ወሬ ቆረጠ፤ መቁረጥ የሚቻለው ግን በፈለጉበት ሳይሆን ሙሉ ምስል በሚገኝበት፣ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ ነው። በሌሎች ነጻ ፕሮግራሞች አዲሱን እሽግ አሰረለት። ሩጫው አንድ ጊጋ ገደማ ሲሆን ዲስኩ 4.7 ቢሊዮን ባይት ይይዛል፤ የሜዳልያውን ሥነ ሥርዓትም ጨመረበት። ሱቅ የሚሸጥ ፊልም ቢሆን ኖሮ በዲቪዲ የሽያጭ አከፋፈል ጀርመን ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ክልል 5 ስለሆነች ማጫወቻው ሊከለክለው ይችል ነበር፤ ቤት የተሠራ ዲስክ ግን ክልል የለበትም። ሁለቱም አገሮች የፓል ቴሌቪዥን ሥርዓት ተጠቃሚ መሆናቸውም በጀ። ዲስኩ ላይ ጻፈውና ለመንገደኛ ሰጠው።

አክስቴ ጎረቤት ጠርተው፣ ቡና አፍልተው አዩት። ኃይሌን የሚጠብቁበት ቦታ ላይ አስቁመው ደግመው ደጋግመው አስመለሱ። «ይኸው! ይኸው ዞረ!» ይሉ ነበር።

ያን ዲስክ ልጆች እየተቀባበሉ ቧጠጡት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማጫወቻው መሐሉ ላይ ይቆም ጀመር። የአክስቴ ልጅ ግን በ188 ባይት የታሸገውን ዋናውን ቅጂ አልደመሰሰም፤ ዲስኩን ከሠራ በኋላም ከአንዱ ሃርድ ዲስክ ወደ ሌላው ሲያዛውረው ኖረ። በቅርቡ የአክስቴ የልጅ ልጆች በስልክ እንየው ሲሉ እንደገና መጨመቅ ግድ ሆነ፤ ስልክ እንዲህ ያለውን ምስል እንደልብ አያጫውትምና። ያኔም ከተቧጠጠው ዲስክ ሳይሆን ከዋናው ጀመረ። ቴሌቪዥን በሰከንድ ሃምሳ ግማሽ ምስል ነበር የሚልከው፤ እነሱን ሃምሳ ሙሉ ምስል አድርጎ አወጣቸውና በቴሌግራም ላከው። የዋናው ፋይል ቅጂ አሁን ሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱ እኔ ዘንድ ነው።