የሐረማያን ሐይቅ ማን ጠጣው?

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንላለን። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ውኃውን እያሳሳቅን የወሰድነው እኛ ነን።

የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ሜዳ ሆነ። ብዙዎች በድርቅ ያሳብባሉ። የአየሩ መለወጥ ድርሻ ቢኖረውም ታሪኩ በዚያ አያበቃም። በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ተራቁተው ጎርፍ አፈሩን ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ጫትና አትክልት የሚያለማው ገበሬ በፓምፕ ሳበ፤ ከተሞቹም በበኩላቸው ቀዱ። ገበሬው ልጆቹን ሊያሳድግ ነውና አይፈረድበትም። ጥፋቱ ሁሉም ሲቀዳ «ይበቃል» የሚል ባለቤት መጥፋቱ ነው። ያውም አንጋፋው የግብርና ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገቡ እያለ!

ሐረር ተጠምታ ከከረመች በኋላ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው፣ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋላት ጀመር። ደጅ የነበረው ውኃ በመብራትና በረጅም ቧንቧ ወጪ ተተካ።

ዛሬ ሐይቁ በከፊል ተመልሷል፤ እሰየው ነው። ግን ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ይቅዳ የሚለው ካልተወሰነና ካልተከበረ፣ ዳግመኛ ይደርቃል። ያኔ በሰማይ ማሳበብ አያዋጣም።