ስለ ዘፋኝና ስለ ሰሚ፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ስለ ሕዝብ ዘፈን የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የተመለከቱት ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ዘፋኙንና ግጥሙን ነው። ግጥሙ ይጻፋል፤ ይተረጐማል፤ ሰምና ወርቁ ይፈታል። ዘፋኙም የት እንደ ተወለደ፣ መሰንቆውን ከማን እንደ ተማረ ይጠየቃል። ሦስተኛው ወገን፣ ማለት በዚያች ሌሊት በዚያች ጠባብ ቤት ተቀምጦ የሰማው ሰው፣ ስሙም ቃሉም ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህ ጕድለት ቀላል አይደለም። ዘፋኙና ሰሚው ጕልበት ለጕልበት ተቀራርበው በሚቀመጡበት ስፍራ ዘፈኑ የሚያልቀው መሰንቆው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሳይሆን፣ ሰሚዎቹ ያዩትንና የሰሙትን ተነጋግረው ሲጨርሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዳማና በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሰሚው ድርሻ ምን እንደ ነበረ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከተሞቹና ሰሚዎቻቸው

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ስትጠራ ኖራ፣ በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። ለከተማነት ያበቃት ዋናው ምክንያት የምድር ባቡር ነው። በ1897 ከጅቡቲ በኩል መሠራት የጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ባለፈበት መንገድ ሁሉ ጣቢያ፣ በጣቢያው ዙሪያ ገበያ፣ በገበያው ዙሪያም ጠጅ ቤትና ማደሪያ ተተከለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ማደር ግድ ይሆንበት ነበር። ከዘመዱ የራቀ፣ ማታ ሥራ የሌለው፣ በኪሱም ጥቂት ገንዘብ የያዘ ሰው ባለበት ስፍራ ደግሞ ዘፋኝ አይታጣም።

ከባቡሩ በኋላ ሁለት ነገሮች ሰሚውን አበዙት። አንደኛው ከአዳማ በስተ ደቡብ በወንጂ የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር ከከምባታና ከሀዲያ፣ ከሌላውም አገር ብዙ ሠራተኛ ወደ አካባቢው ጐረፈ። ሁለተኛው ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል ሻሸመኔ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ነው። ሻሸመኔ የሲዳማው፣ የወላይታውና የባሌው መንገድ የሚገናኝባት መስቀለኛ ስፍራ ስለ ሆነች፣ በአንድ ማታ በአንድ ቤት የሚሰበሰበው ሰው ከብዙ አገር የመጣ ነበር።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች የሚገኘው ሰሚ በአንድ ቋንቋ ተወልዶ በዚያው ከሚያረጀው ባላገር ይለያል። የቱለማና የአርሲ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ከምባታ፣ ሐረሪና የየመን ነጋዴ በአንድ ወለል ላይ ተቀምጦ ሲሰማ፣ ግማሹ የዘፈኑን ቃል ያውቃል፤ ግማሹ ከጎረቤቱ ፊት ላይ ያነበዋል።

2. ሦስት የመስማት ሥርዓቶች

በእነዚህ ቤቶችና ግብዣዎች የተገናኙት የመስማት ሥርዓቶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ከሰሜኑ አገር ከአዝማሪዎች ጋር የመጣው ነው። አዝማሪው ባለ አንድ ክር መሰንቆውን እየገዘገዘ ሲዘፍን ከሰሚዎቹ አንዱ ‹ተቀበል!› ይለዋል፤ ግጥሙንም ይሰጠዋል። አዝማሪውም የተሰጠውን ቃል በዜማ አልብሶ ይመልሰዋል። ሽልማቱ ከግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። በዚህ ሥርዓት የግጥሙ ባለቤት ማን እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ዘፋኙ ተቀባይ፣ ሰሚው ሰጪ ይሆናልና። ዶክተር አሸናፊ ከበደ በ1975 ስለ አዝማሪ ባሳተመው ጥናት አዝማሪን ባለቅኔና ሙዚቀኛ አድርጎ አቅርቦታል። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከቅኔው ከፊሉ ከጠጪው መደብ እንደሚነሣ መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው በኦሮሞ ዘንድ ‹ጀለ ቀቡ› የሚባለው ነው፤ ትርጕሙ ከሥር መያዝ ማለት ነው። መሪው ሲያወጣ የተቀሩት አዝማቹን ከሥር ይይዙለታል። እዚህ ላይ ሰሚው ግጥም ባይሰጥም ዘፈኑ እንዳይወድቅ የሚሸከመው እርሱ ነው። ከሥር የሚይዝለት ያጣ ዘፋኝ የድምፁ ማማር ብቻውን አያድነውም።

ሦስተኛው የጌራርሳ ሥርዓት ነው። ጌራርሳ ሰው የፈጸመውን ጀብዱ ወይም የደረሰበትን መከራ የሚናገርበት ነው። በቀድሞው ልማድ ትልቅ አውሬ ያልገደለ ወይም በጦር ሜዳ ያልዋለ ሰው ጌራርሳ ለማውጣት አይደፍርም ነበር። ከዚህ የተነሣ ሰሚው ዳኛም ምስክርም ነው፤ የሚሰማው ድምፁ ማማሩን ብቻ ሳይሆን ቃሉ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ጭምር ነው።

በሦስቱም ሥርዓቶች ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ቦታ የለውም። አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተሸካሚ፣ አንዱ ፈራጅ ያደርገዋል። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ልዩ የሚሆኑት ሦስቱ በአንድ ጣራ ሥር ስለ ተገናኙባቸው ነው። ከጎንደር ወይም ከወሎ የመጣ አዝማሪ በአዳማ ኦሮምኛ ግጥም ሲሰጠው የሚቀበልበት ጆሮ ያስፈልገው ነበር። አርሲውም ሰሚ በአማርኛው ዘፈን ላይ ከሥር መያዙን አይተውም።

3. ከዘፈን በኋላ የሚነገረው

በማግሥቱ፣ ቡና ሲፈላ ወይም ጫት ሲቃም፣ ባቡር ሲጠበቅ ወይም ገበያ ሲዋል፣ የማታው ዘፈን እንደገና ይነሣል። ይህ ንግግር ተራ ወሬ ቢመስልም የራሱ መልክ አለው። አስቀድሞ ስለ ድምፅና ስለ እጅ ይነገራል፤ ድምፁ ጠርቶ ነበር ወይስ ደክሞ፣ እጁ ቀልጥፎ ነበር ወይስ ከብዶ። ቀጥሎ ግጥሙን ማን ሰጠ፣ ለማንስ ተወረወረ ይባላል። ከዚያም የዘፋኙ ጠባይ ይመዘናል፤ ለባለጸጋው ብቻ አጐንብሶ ጥግ የተቀመጠውን ድኻ ዘንግቶት እንደ ሆነ ይወቀሳል፤ ለሁሉ አዳርሶ እንደ ሆነ ይመሰገናል። በመጨረሻም በየትኛው ቃል ላይ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ተነሥቶ እንደ ወጣ ይታወሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የወርቁ ክርክር ነው። አንድ አዝማሪ ስለ ሸንኮራ አገዳ ቢዘፍን፣ ወጣቱ የፍቅር ጣፋጭነት ነው ይላል፤ የወንጂ ቆራጭ ሠራተኛ ግን ስለ ጕልበቱ ዋጋ የተነገረ ነው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ኦሮምኛውን ያልሰማ ሰው ካለ ደግሞ ጎረቤቱ ይተረጕምለታል፤ በመተርጐሙም ላይ የራሱን አስተያየት ይጨምራል። እንግዲህ ያ ዘፈን ከቤቱ ሲወጣ አንድ የነበረው፣ ገበያ ሲደርስ ሦስትና አራት ይሆናል። ሹፌሩና ነጋዴው ሻሸመኔ ወይም ድሬዳዋ የሚያደርሱትም ይህንኑ የተባዛውን ነው።

የዚህን ንግግር ኃይል ከሊቃውንት ይልቅ ገዢዎች ቀድመው አውቀውታል። በ1937 በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ የኢጣልያ ሹማምንት ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ብቻ ሳይሆን በየአገሩ የሚዞሩትን አዝማሪዎችም እየያዙ ገደሉ። መሰንቆ ጦር መሣሪያ ሆኖ አይደለም። አዝማሪው አንድ ቃል ትቶ ሲሄድ፣ ያን ቃል የሚያነሡና የሚጥሉ፣ የሚፈቱና የሚያስተላልፉ ሰሚዎች ከኋላው ስለሚቀሩ ነው።

4. ሰሚ የሰየመው ዘፋኝ

ሰሚ በዘፋኝ ላይ ያለው ሥልጣን ጐልቶ ከታየባቸው ምሳሌዎች አንዱ ዓሊ ቢራ ነው። ዓሊ መሐመድ ሙሳ በ1947 በድሬዳዋ፣ በዚሁ የባቡር መስመር ላይ፣ ተወለደ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና ልጅ ሳለ አፍረን ቀሎ ከተባለው የኦሮምኛ ኪነት ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ኦሮምኛ በትልልቅ መድረኮች ቦታ ባልነበረው በዚያ ዘመን፣ ቡድኑ በይበልጥ የሚዘፍነው በሠርግና በበዓል፣ ማለት ሰሚው ዘመድና ጎረቤት በሆነበት ስፍራ ነበር። ‹ቢራ› በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ ሰማዩ የሚጠራበት ወራት ነው፤ የአማርኛውም ‹ብራ› ይህንኑ ያስታውሳል። ልጁ ይህን ቃል በርእሱ የያዘ ዘፈን ዘፍኖ በተወደደ ጊዜ፣ ሰሚው በዘፈኑ ስም ጠራው፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

ቡድኑ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት ጫና ሲበተን ዓሊ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባ። በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያው የተባለለት አልበም ታተመ። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ተመዝግቧል። ሸክላው ከመታተሙ በፊት ግን ዘፈኖቹን ያቆያቸው በየሠርጉ ቤት የሰማውና ለሌላው ያወራው ሰው ነው። ዓሊ ቢራ ኅዳር 6 ቀን 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአዳማ በሕክምና ላይ ሳለ ዐረፈ፤ ተቀበረም በተወለደባት በድሬዳዋ። የሕይወቱ መነሻና መድረሻ በአንድ ሐዲድ ላይ የተሰመሩ ናቸው።

5. ሸክላ፣ ካሴትና የመዝጋቢው ሥራ

አምኃ እሸቴ በ1969 የግል የሸክላ ድርጅት ካቋቋመ በኋላ፣ ይልቁንም ካሴት በየመንደሩ ሲዳረስ፣ የመስማት ሥርዓቱ ተለወጠ። ከ1974 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ገደብም የሌሊቱን ስብሰባ አሳጥሮ ዘፈኑን ወደ ቤት ከተተው። ካሴት የጠቀመው ነገር ብዙ ነው። ድምፅን ከሞት አድኗል፤ የኦሮምኛ ዘፈንም ዘፋኙ ሊደርስ ከማይችልበት ሩቅ አገር ገብቷል። ነገር ግን ካሴትን ‹ተቀበል› የሚለው የለም፤ ከሥር ቢይዙትም አይሰማም። ከ1991 በኋላ የአዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ እንደገና ሲያንሰራሩ ሕዝቡ የተሻማው መሰንቆውን ብቻ ሳይሆን ግጥም የመስጠት መብቱንም ነበር ማለት ይቻላል።

የቀደሙት ሰብሳቢዎች ያቆዩልን ብዙ ነው። አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ በ1894 ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ የሕዝብ ቃል በመጽሐፍ ገባ። ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1922 ባወጣው ስብስብ ከግጥሞቹ ጋር ታሪካዊ ማብራሪያ ስለ ጨመረ፣ ግጥሞቹ ለዛሬ አንባቢ አልጨለሙም። ማብራሪያው ደግሞ ከሌላ የመጣ አይደለም፤ ከሰሚ ትዝታ የተቀዳ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግጥሙ ያለ ሰሚው ቃል ቢቀመጥ ቊልፉ የጠፋበት ሣጥን ይሆናል።

ስለዚህ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ዘፈን ለመሰብሰብ የሚወጣ ተማሪ መቅረጫውን ለዘፋኙ ብቻ መደገን የለበትም። ቤቱ የት ነበረ፣ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ፣ ግጥሙን ማን ሰጠ፣ በማግሥቱስ ምን ተባለ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የሁለት ሰሚዎች ቃል የተለያየ እንደ ሆነም አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባውም፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነውና። ካሴት ሳይመጣ በእነዚያ ቤቶች የሰሙት ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። የዘፋኞቹን ድምፅ ሸክላና ካሴት በከፊል አድኖታል፤ የሰሚዎቹን ቃል የያዘው ግን የራሳቸው አፍ ብቻ ነው።