ከአፋር እስከ ጃቫ፤ የእንስሳትን በሽታ ስለ መከላከል የተሰጠ የገጠር ትምህርት

የገጠሩን ሕዝብ ስለ በሽታ መከላከል ለማስተማር ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሣው «ምን እናስተምር?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሆኖም ካለፈው ልምድ እንደምንረዳው ከዚህ ቀድሞ መልስ ማግኘት የሚገባው «ገበሬው ራሱ ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋንን ለመከላከል የተሠራበትን የትምህርት ዘዴ ከምንጩ ጀምረን እንመለከታለን። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘዴው ምንጭ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1888 ግድም ወደ አገራችን የገባው የደስታ በሽታ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጅቶ፣ ክፉ ቀን ለተባለው ረሃብ ዐቢይ ምክንያት ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላም በሽታው በአፋር ቆላ አልጠፋም ነበር፤ የቀድሞው ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚበላሽ መኪና ከማይደርስበት ግጦሽ ሊደርስ አልቻለም። በ1990ዎቹ ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ሲቀርብ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መንጋውን ከተቡ፤ ባለሙያዎችም የበሽታውን ምልክትና መተላለፊያ ከአርብቶ አደሩ ጠይቀው ተረዱ። በ2011 የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

በኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን በዶሮዎች ላይ መታየቱ በ2004 መጀመሪያ ተገለጸ፤ በ2005 ወደ ሰው ተላለፈ። እስከ 2017 ድረስ በበሽታው መያዛቸው ከተረጋገጠ 200 ሰዎች ውስጥ 168ቱ ሞተዋል። ዶሮ የሚረባው በየጓሮው በመሆኑ ሪፖርት እስኪመጣ መጠበቅ አላዋጣም። ስለዚህ በ2006 መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ፣ በአፍሪካ የተፈተነው ዘዴ በጃቫ መንደሮች ሥራ ላይ ዋለ።

ሠራተኞቹ ከመንደርተኛው ጋር ተቀምጠው ዶሮዎች መቼና እንዴት እንደሞቱ ይጠይቃሉ፤ የመንደሩን ካርታ አብረው ይነድፋሉ፤ የታመመ ዶሮ ሲገኝ በዚያው ይመረምራሉ። ትምህርቱ ከዚህ በኋላ ይቀጥላል፦ የታመመውን አለመሸጥና አለመብላት፣ የሞተውን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አዲስ የተገዛ ዶሮን ለይቶ ማቆየት።

የጃቫ ገበሬ በየጊዜው ዶሮ የሚጨርሰውን በሽታ «ቴቴሎ» ይለዋል፤ የእኛ ገበሬ «ፈንግል» እንደሚለው ማለት ነው። ሁለቱ በሽታዎች በዓይን አይለዩም። የዶሮን እልቂት እንደ ተለመደ ነገር ለሚያይ ሰው «አዲስ መቅሠፍት መጣ» ማለት ብቻውን አያሳምነውም። ስለሆነም የትምህርቱ ፍሬ ነገር የበሽታውን ስም ማስጠናት ሳይሆን፣ ዶሮዎች በድንገት በብዛት ሲሞቱ ወዲያውኑ ማሳወቅን ማስለመድ ሊሆን ይገባል።

ይሁን እንጂ ዘዴው በሽታውን አላጠፋውም። ዶሮው የተወገደበት ገበሬ የሚከፈለው ካሳ ትንሽና የዘገየ በሆነበት ስፍራ፣ እያወቀ ዝም ማለትን መርጧል። ይህ የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን የኑሮ ስሌት ነው።

በአገራችን የጓሮ ዶሮ በአብዛኛው የሴቶች ሀብት ነው፤ ከእንቁላሉ ሽያጭ የልጆች ደብተር ይገዛል። ስለዚህ የትምህርት ፕላን አውጪዎች ስብሰባውን እናቶች በሚገኙበት ሰዓትና ስፍራ ሊያደርጉት፣ የካሳውንም ጉዳይ ከእርሻ መሥሪያ ቤቶች ጋር አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። መምህራንም ትምህርቱን «በእናንተ ቤት ዶሮ የሞተው መቼ ነው?» በሚል ጥያቄ ቢጀምሩ፣ የተማሪዎቹ መልስ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጭምር ጠቃሚ መረጃ ይሆናል።