ካክተስን ከዘር ማብቀል

ካክተስን ከዘር ማብቀል ቁራጭ ከመትከል የተለየ የማራባት ዘዴ ነው፤ ቁራጭ እናት ተክሉን ሲደግም፣ ከዘር የበቀሉ ችግኞች ግን እርስ በርስ ይለያያሉ። የካክተስ ቤተሰብ መነሻው በአብዛኛው የአሜሪካ አህጉራት ነው። የኢትዮጵያ ቁልቋል ካክተስ ቢመስልም ወገኑ ዩፎርቢያ ነው፤ በትግራይ የሚበላው በለስ ግን ካክተስ ነው።

በስዊዘርላንድ። የጄኔቭን የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1817 የመሠረተው ኦጉስተን ፒራሙ ደ ካንዶል ካክተሶችን በስፋት አጥንቷል። በዙሪክ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ሱኩለንተን ዛምሉንግ የተባለው የከተማው የተክል ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1931 ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፉ የሱኩለንት (ውሃ አጠራቃሚ) ተክሎች ጥናት ድርጅትም በ1950 በዚያው ከተማ ተመሠረተ።

አዘራር። በዙሪክና በጎረቤቷ ቪንተርቱር በብርዱ ወራት የመስኮት ብርሃን ደካማ ስለሆነ፣ መብራት የሌለው ጀማሪ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቢዘራ ይመረጣል። አፈሩ ከተነፋ ደረቅ አሸዋ፣ ከደቀቀ ፑሚስና ከጥቂት ብስባሽ ይዘጋጃል፤ ሻጋታን ለመግደልም በሙቀት ይታከማል። ደቃቁ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚሻ በላዩ ይበተናል እንጂ አይቀበርም። ዘሩ የተዘራበት ዕቃ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ይርሳል፤ ከዚያም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለ ሙቀት ይቆያል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደ አረንጓዴ ዶቃ ብቅ ይላሉ።

እንክብካቤ። ካክተስ ድርቅ ይወዳል ብሎ ችግኙን ማድረቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ገና ውሃ ያላጠራቀመው ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርጥበት አይለየው። ሽፋኑ ግን ቀስ በቀስ ካልተነሣ ፈንገስ ይገባል፤ የታመመው ችግኝ ከሥሩ ቀጥኖ ይወድቃል፣ ወዲያው ካልተነቀለም ጎረቤቶቹን ያስይዛል። ቀጥተኛ ፀሐይ ያቀላዋል፤ የብርሃን ማነስ ደግሞ ያረዝመዋል። ችግኞቹ እርስ በርስ መነካካት ሲጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ በዓመቱ አካባቢ፣ ይነጠላሉ።

ምርጫና ሕግ። ለጀማሪ ሬቡሺያና ማሚላሪያ ይመከራሉ፤ ሬቡሺያ በጥቂት ዓመታት ያብባል፣ የአሪዞናው ሳጉዋሮ ግን አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቭ የሆነው ሳይቲስ የተባለው ስምምነት የካክተስን ዓለም አቀፍ ንግድ ይቆጣጠራል፤ ከሜክሲኮ የሚወጣ ዘርም ቁጥጥሩ ይመለከተዋል። ስለዚህ ገዢ የዘሩን ምንጭ አስቀድሞ ይጠይቅ።