ድርብ ልዩ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዓሣ የሚሸጥ የአራተኛ ክፍል ልጅ አለ እንበል። አንዱ ዓሣ 65 ብር ነው፤ ሰባት ስትሉት ስልካችሁን ሳታወጡ «455» ይላል። እንዴት አወቅህ? «በ70 ቢሆን 490፤ 35 ቀነስኩ።» ይኸው ልጅ ፊደልን በተራ ያነበንበዋል፤ ከሰልፍ የወጣች «ሉ» ግን «ሊ» ትሆንበታለች። የሒሳብ ፈተናም ይወድቃል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ነዋ! ወላጅ ሲጠራ የሚባለው የታወቀ ነው፦ «ጭንቅላት አለው፣ ግን ሰነፍ ነው።»

እንዲህ ያለውን ልጅ እንግሊዝኛው «ትዋይስ ኤክሴፕሽናል» ይለዋል፤ የላቀ ተሰጥኦና የመማር እክል አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ነው። እክሉ እንደ ዲስሌክሲያ የንባብ፣ አለያም የጽሕፈት ወይም የትኩረት ሊሆን ይችላል። ለመለየት የሚያስቸግረው አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍን ነው። ልጁ በብልጠቱ እየገመተ ስለሚያነብ እክሉ ይደበቃል፤ ንባቡ ሲጎትተው ደግሞ ተሰጥኦው ይደበቃል። ሁለቱ ተቻችለው «መካከለኛ ተማሪ» ያስብሉታል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ድርብ ልዩ ፍላጎት» እንዳንል፣ «ልዩ ፍላጎት» በእኛ ጆሮ የጉዳት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰሚው ሁለት ጉዳት ያለበት ይመስለዋል። «ፍላጎት»ን ጥሎ «ድርብ ልዩ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ያዝ ነበር። ሁለቱን ባንድ ዓረፍተ ነገር ማንሳቱ ደግ ነበር፤ አንባቢ ግን ሁለት የተለያዩ ልጆች አድርጎ ያነበዋል።

ታዲያ ምን ይደረግለት? በጆሮ መማር ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አገር እንግዳ አይደለም፤ የአብነት ተማሪ ማታ መብራት በሌለበት ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ለዚህም ልጅ የሒሳቡ ጥያቄ ይነበብለት፣ በአፉ ይመልስ። ፊደሉን በጣቱ አፈር ላይ እየሳለ፣ ድምፁን እያሰማ፣ አንድ በአንድ ይማር፤ ችኮላ አያሻም። ንባቡ እስኪስተካከል ብሎ ከሒሳቡ ማገድ ግን ትልቁ ስሕተት ነው። የዓሣውን ስሌት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለጓደኞቹ ያስረዳ፤ ጠመኔውን መምህሩ ይያዙለት።