ዲጂታል መንትያና የኮምቦልቻው ደብተር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎን አልፎ ቍልቍለቱን ሲጨርስ ካፖርቱን ያወልቃል፤ ከኮምቦልቻ የሚወጣው ደግሞ ጋቢውን ይደርባል። መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እኛ የትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ አባላት ዘንድሮ የወረድነው አየር ለመለወጥ ሳይሆን፣ በንባብ ብቻ ያልገባንን አንድ ነገር በዓይናችን ለማየት ነበር። ይኸውም «ዲጂታል መንትያ» የተባለው ዘዴ ነው።

በጐበኘነው ፋብሪካ ያገኘነው ግን መንትያውን ሳይሆን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ጋሼ (ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም) እጃቸውን በሚዞረው ሞተር ላይ አሳርፈው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ይኸ ኩሽኔታ ታሟል፤ ወር አይቆይም» አሉን። እንዴት እንዳወቁ ብንጠይቃቸው ሣቁብን።

ዲጂታል መንትያ ይህንኑ የጋሼን እጅ በኮምፒዩተር ለመተካት የሚደረግ ጥረት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ለአንድ ሞተር፣ ለአንድ ድልድይ ወይም ለሙሉ ፋብሪካ በኮምፒዩተር ውስጥ አምሳያ ይሠራለታል። በዚህ ብቻ ቢቀር ሥዕል በተባለ ነበር። መንትያ የሚያሰኘው በዋናው ዕቃ ላይ የተተከሉት ሴንሰሮች ሙቀቱን፣ ንዝረቱንና የሚስበውን ኤሌክትሪክ እየለኩ ወሬውን ዘወትር ስለሚያደርሱት ነው። መሐንዲሱም አምሳያውን ከጊዜው አስቀድሞ እያስኬደ «በዚህ አያያዙ መቼ ይሰበራል?» ብሎ ይመረምራል።

የሐሳቡን መነሻ ብዙዎች የሚያደርሱት እስከ አፖሎ 13 ነው። በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. ይህች የአሜሪካ መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ስትጓዝ፣ ከምድር ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ የኦክሲጅን ታንከሯ ፈነዳ። በምድር ያሉት መሐንዲሶች ሄደው ሊጠግኗት አይችሉም። ነገር ግን ጠፈርተኞቹ የሠለጠኑባቸው ሲሙሌተሮች በሂውስተንና በፍሎሪዳ ነበሩ። መሐንዲሶቹ ከሰማይ በሬዲዮ የሚመጣውን ቍጥር እየተከተሉ፣ የቀረችው ጥቂት የባትሪ ኀይል ለመመለሻ እንድትበቃ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ተራ መከፈት እንዳለበት በዚያ ሞከሩ። የተሳካውን ብቻ አስተላለፉላቸው፤ ሦስቱም ሰዎች በሕይወት ተመለሱ።

ያ መንትያ የብረትና የሽቦ ነበር። ማይክል ግሪቭስ የተባሉ ምሁር በ2002 እ.ኤ.አ. በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ፣ እያንዳንዱ የፋብሪካ ዕቃ ከውልደቱ እስከ መጣያው ድረስ በኮምፒዩተር ውስጥ አብሮት የሚኖር አምሳያ ይኑረው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። «ዲጂታል መንትያ» የሚለው ስም የተለመደው በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ የናሳው ጆን ቪከርስ ከተጠቀሙበት ወዲህ ነው።

በአገራችን ለዚህ ነገር የሚቀርበው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይመስለናል። አብራሪዎች በአዲስ አበባ የሚሠለጥኑበት ሲሙሌተር ግን እንደ እኛ አስተያየት መንትያ አይደለም፤ የአውሮፕላኑ ወገን አምሳያ እንጂ የዚያ የአንዱ አውሮፕላን አይደለምና። ይልቅስ ሞተሩን እንመልከት። አየር መንገዱ በ2008 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 ሮልስ ሮይስ በሠራው ሞተር ይበራል። ይህ ኩባንያ በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ ተቀምጦ በዓለም ላይ ከሚበሩ ሞተሮቹ የሚመጣውን መረጃ ይከታተላል፤ በአምሳያም እየመረመረ የጥገናውን ጊዜ ይተነብያል። እንግዲህ በሰማይ የሚበረውን ሞተር የሚያዳምጥለት እጅ ሲኖር፣ በኮምቦልቻ ምድር ላይ የሚዞረው ሞተር የሚደገፈው በጋሼ እጅ ነው።

ኮምቦልቻ የሚዞር ነገር አላነሣትም። በደርግ ዘመን የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱ ከተሞቻችን ሲያልፍ ብዙ ድርጅት ተዘረፈ፤ ብዙም ተሰባበረ። ይህን ለወላጆቻችን መንገር አያስፈልግም።

ጋሼ ያን ጊዜ ስለጠፋው ማሽን ብዙ አላወሩንም። ያወሩን ስለ አንድ ደብተር ነው። የትኛው ኩሽኔታ መቼ እንደተለወጠ፣ የትኛው ሞተር በስንት ዓመቱ እንደተጠቀለለ፣ የትኛው ማሽን በክረምት እንደሚያስቸግር ለብዙ ዓመት የጻፉበት ነበር። ሲመለሱ መሳቢያው ባዶ ነበር። «ብረቱ ይገዛል፤ ያን ግን ከማን ልግዛ?» አሉ።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ከእኛ ግማሾቹ ደብተሩ መንትያ ነበር አሉ፤ የእያንዳንዱን ማሽን ታሪክ ለየብቻ ይዟልና። ሌሎቻችን ደብተር ያለፈውን ይናገራል እንጂ የሚመጣውን አያሰላም ብለን ተከራከርን። ሐረጎን ስንወጣ አንዱ ጓደኛችን፣ የሚመጣውንስ ያለ ያለፈው በምን ያሰሉታል ብሎ ጠየቀ። ለዚህ መልስ አላገኘንም። በእርግጥም ሴንሰር ገና ዛሬ የተተከለበት አሮጌ ሞተር ስላለፈው ዘመኑ ምንም አይናገርም። መብራት ሲጠፋም መንትያው ወዲያው ይደነቍራል፤ ደብተሩ ግን በኩራዝም ይነበባል።

ጋሼ አሁን አዲስ ደብተር ጀምረዋል። እያስታወሱ ሲነግሩን እኛ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየወረድን እንጽፋለን፤ ከዚያም በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር እንገለብጠዋለን። አንዱ ቅጂ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ ይቀመጣል። ይህ እስከሚታተም ድረስ የጨረስነው የአሥራ አንድ ሞተሮችን ታሪክ ነው፤ የታመመው ኩሽኔታም በሃያ ሦስተኛው ቀን ተለውጦ በሁለቱም ቅጂ ተጽፏል።