ዝናብ ከመጣ በኋላ፤ ክፉ ቀንና የዘካ አደራ



አባቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የቆየውን ታላቅ ረሃብ ነው። ዋናው መነሻ የከብት በሽታ ነበር። የኢጣሊያ ጦር ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች ተነሥቶ ወደ ደጋው ወጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶው እንደሞተ ይገምታሉ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት።

ጎንደርን ረሃቡ ያገኛት ቆስላ ሳለ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ከተማዋን አቃጥሏት ነበር። የሙስሊሙም ቁስል ገና አልሻረም። በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በኋላ አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ተለይቶ እንዲኖር ተደርጎ ነበር። ርስት ስላልነበረው ኑሮው በንግድና በሽመና ቆመ። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ።

ዝናቡ ሲመለስ በሬው አልተመለሰም። መሬቱ ጦም አደረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ። ገበሬው ካላረሰ ነጋዴው ለማን ይሸጣል? ሸማኔውስ ለማን ይሠራል? ስለዚህ ርስት የሌለው የከተማ ሙስሊምም ኑሮው ከገበሬው በሬ ጋር የተጠመደ ነበር።

ኢስላም ከረሃብ በኋላ ላለው ጊዜም መላ አለው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በረማዳ ዓመት፣ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ከሌሎች ግዛቶች እህል አስመጡ። የዚያን ዓመት የከብት ዘካ ግን ከተጎጂው አልሰበሰቡም። ዝናብ ከጣለ በኋላ የሁለቱን ዓመት አሰብስበው ግማሹ እዚያው ለድሆች እንዲከፋፈል እንዳዘዙ ተዘግቧል። ባለ ከብቱ እንዲያገግም ጊዜ ሰጡት ማለት ነው።

ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች አንዱ ባለዕዳ ነው። ኢማም አን-ነወዊም «አል-መጅሙዕ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሙያ ያለው ድሃ የሥራ መሣሪያውን የሚገዛበት ከዘካ እንደሚሰጠው ጽፈዋል። ለደጋው ገበሬ መሣሪያው ምንድን ነው? በሬና ዘር አይደለምን? በ1977 ዓ.ም. ድርቅም በሬውን በርካሽ ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ በዕዳ የተያዘ ብዙ ነው።

እንግዲህ ጀመዓችን ሰደቃው በአንድ ኩንታል እህል እንዳያበቃ ያስብ። እህሉ ለዛሬ ያስፈልጋል፤ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን የአንዱን ዕዳ መክፈል፣ አንድ በሬ ላለው ሌላ አንድ ገዝቶ ጥማዱን መሙላት፣ ለሸማኔው ድርና ማግ መስጠት፣ የዛሬውን ተቀባይ ለከርሞ ዘካ አውጪ ያደርገዋል። አላህ ይህን ከሚሠሩት ያድርገን። አሚን።